ሲሶ ማሳለፍ፣ እርቦ ማሳለፍ፦ የድምፅ «ኮምፕረሰር» እና የ«ሬሾ» ስያሜ በአገራችን የቀረጻ ታሪክ

ከውጭ ቋንቋ የሚመጡ የሙያ ቃላት ሁሉ አንድ ዓይነት ችግር አያስከትሉም። አንዳንዱ ቃል ዕቃውን ተከትሎ ይገባና እንደ ዕቃው ያገለግላል፤ «ማይክራፎን» ወይም «ቴፕ» ሳይተረጎም ቢቀር የሚጎድል ነገር የለም። ሌላው ግን በውስጡ ስሌት የያዘ ነው። እንዲህ ያለው ቃል ሳይፈታ ሲቀር፣ ይልቁንም ያለ አግባብ ሲፈታ፣ ስሌቱም አብሮ ይጠፋል። የሙዚቃ ቀረጻ ባለሞያዎች «ኮምፕረሰር» የሚሉት መሣሪያና «ሬሾ» የሚሉት መለኪያው ከዚህ ከሁለተኛው ወገን ናቸው። ይህ ጽሑፍ መሣሪያው የሚያከናውነው ተግባር በአገራችን የቀረጻ ታሪክ ውስጥ በምን መልክ እንዳለፈ፣ ለስሌቱም ከአማርኛ ውስጥ ምን ስያሜ እንደሚገኝለት ለማሳየት ይሞክራል።

በቅድሚያ ነገሩን መግለጽ ያስፈልጋል። አንድ ድምፃዊ ዘፈኑን በለሆሳስ ይጀምርና አዝማቹ ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ ያደርጋል። በዝቅተኛውና በከፍተኛው ድምፅ መካከል ያለው ርቀት ለቀረጻው መሣሪያ ወይም ለአድማጩ ጆሮ ከሚስማማው በላይ ሲሆን፣ ርቀቱን የሚያጠብብ መሣሪያ ያስፈልጋል። መሣሪያው አንድ ወሰን ይሰጠዋል። ከዚህ ወሰን በታች ያለውን ድምፅ አይነካም፤ ወሰኑን አልፎ የወጣውን ትርፍ ግን በተወሰነለት መጠን ያሳንሰዋል። ሬሾ የሚባለው ይህ የትርፉ መጠን ነው። «አራት ለአንድ» ሲባል፣ ወሰኑን አልፎ ለገባው ለእያንዳንዱ 4 ዴሲቤል 1 ዴሲቤል ብቻ ይወጣል ማለት ነው። ድምፁ ወሰኑን በ12 ዴሲቤል ቢያልፍ፣ በሁለት ለአንድ 6፣ በሦስት ለአንድ 4፣ በአራት ለአንድ 3፣ በሃያ ለአንድ ግን 0.6 ዴሲቤል ብቻ ከወሰኑ በላይ ይቀራል። የመጨረሻው ለጆሮ እንደ ግድግዳ ነው።

አሁን አንድ ተርጓሚ ይህንኑ ቅንብር «መሣሪያው ድምፁን በአራት እጥፍ ይቀንሳል» ብሎ ቢያስቀምጠው፣ ዓረፍተ ነገሩ ለጆሮ የሚጥም አማርኛ ይሆናል፤ ነገር ግን ሁለት ስሕተት ይይዛል። አንደኛው፣ የሚቀነሰው ድምፁ ሳይሆን የድምፁ ትርፍ መሆኑ ነው፤ ከወሰኑ በታች ያለ ለሆሳስ በሃያ ለአንድም ቢሆን እንዳለ ያልፋል። ሁለተኛው የረቀቀ ነው። ዴሲቤል ተራ መስፈሪያ ሳይሆን የሎጋሪዝም መስፈሪያ ስለሆነ፣ 12 ዴሲቤል ወደ አራት እጥፍ የሚጠጋ የሞገድ ከፍታ ማለት ሲሆን፣ 3 ዴሲቤል ግን አንድ ነጥብ አራት እጥፍ ያህል ነው። ስለዚህ በአራት ለአንድ ቅንብር የሚወጣው የሞገዱ ትርፍ አንድ አራተኛ ሳይሆን፣ የገባው ከፍታ አራተኛ ሥር ነው። «እጥፍ» የሚለው ቃል ከዚህ ላይ ቦታ የለውም። ተማሪው በ«እጥፍ» የተጻፈውን ካመነ፣ የሬሾውን ቁልፍ ከፍ ባደረገ ቁጥር ድምፁ ሁሉ የሚደክም ይመስለዋል፤ ያንን ለማካካስ መጠኑን ያነሣል፤ ውጤቱም ከፍታና ዝቅታ የሌለው፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እኩል የሚጮኽ ዘፈን ይሆናል።

ስሌቱ ቁልፍ ሳይበጅለት በፊት ሥራው ነበረ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በዐፄ ምኒልክ ተልከው ጀርመን አገር በነበሩበት ጊዜ፣ ከ1900 እስከ 1902 ዓ.ም. ባለው ውስጥ በበርሊን ድምፃቸውን በሸክላ አስቀርጸዋል። በዚያ ዘመን የኤሌክትሪክ ቀረጻ አልነበረም። ድምፃዊው በትልቅ ቀንድ መሰል አፍ ፊት ቆሞ ይዘፍናል፤ የድምፁ ግፊት ብቻ መርፌውን እያንቀሳቀሰ በሰም ላይ ይጽፋል። ከፍ ያለ ድምፅ መርፌውን ከመስመሩ ስለሚያስወጣው፣ ዝቅ ያለውም ስለማይጻፍ፣ በእንዲህ ያለው ቀረጻ ድምፃዊው ሲጮኽ ወደ ኋላ መሸሽ፣ ሲያንሾካሹክ መቅረብ ነበረበት። የመጀመሪያው የድምፅ መቆጣጠሪያ እንግዲህ የሰው እግር ነው። ሬሾውም ርቀት ነበረ።

«ሸክላ» የሚለውን ስያሜ በዚህ አጋጣሚ ሳላነሣ ማለፍ አልወድም። የድሮው የሙዚቃ ዲስክ የሚሠራው ሼላክ ከሚባል ሙጫ ነበረ፤ ሲወድቅም እንደ ገል ይሰበራል። ሕዝቡ የሰጠው ስም ከዕቃው ጠባይ የመነጨ መሆኑ ግልጽ ነው፤ የባዕዱ ቃል ድምፀትም ስያሜውን ሳያግዘው እንዳልቀረ እገምታለሁ። ዲስኩ በኋላ ከፕላስቲክ ቢሠራም ስሙ አልተለወጠም። የተማረ ኮሚቴ ከዚህ የተሻለ ስያሜ ያወጣ ነበር ብዬ አላምንም።

ከእግር ወደ እጅ የተዛወረው በራዲዮ ዘመን ነው። የራዲዮ ማሠራጫ ከተወሰነለት በላይ ድምፅ ሲገባበት ድምፁ ይሻክራል፤ ሞገዱም ወደ ጎረቤት ጣቢያ ይፈስሳል። ስለዚህ የስቱዲዮው ቴክኒሽያን ጣቱን ከመቆጣጠሪያው ላይ ሳያነሣ ባንዱን ይከተላል፤ ጥሩምባው ሊነሣ ሲል ይቀንሳል፣ ክራሩ ብቻውን ሲቀር ይጨምራል። ይህን የእጅ ሥራ ለማሽን የሰጡት የራዲዮ መሐንዲሶች ናቸው። የአሜሪካው ዌስተርን ኤሌክትሪክ 110ኤ የተባለውን መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1937 ለማሠራጫ ጣቢያዎች ሲያቀርብ፣ ዓላማው ሙዚቃን ማሳመር ሳይሆን ማሠራጫውን ከመትረፍረፍ መጠበቅ ነበረ። ለአጭር ሞገድ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፤ ሞገዱ አየር አቋርጦ ሲመጣ እየደበዘዘና እየተንጫጫ ስለሚደርስ፣ ዝቅተኛው ድምፅ ከፍ ብሎ ካልተላከ አድማጩ ዘንድ አይደርስም። በ1955 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ሥራ የጀመረውና በመጋቢት 1969 ዓ.ም. በመንግሥት የተወረሰው የብሥራተ ወንጌል ራዲዮ፣ በሁለት ባለ 100 ኪሎዋት የአጭር ሞገድ ማሠራጫዎች ሲሠራ የነበረው ይኸው ሕግ በሚገዛው አየር ላይ ነው።

በሙዚቃ ስቱዲዮዎች ቁልፉ ላይ ቁጥር የተጻፈው ከዚያ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የታወቀው ኤልኤ-2ኤ ሁለት አቀማመጥ ብቻ ነበረው፤ አንዱ «ኮምፕረስ» ሌላው «ሊሚት» ይባላል፤ ቁጥር የለውም። ቢል ፑትናም እ.ኤ.አ. በ1967 ያወጣው 1176 ግን አራት የሬሾ መጫኛዎች ነበሩት፤ 4፣ 8፣ 12፣ 20። እ.ኤ.አ. በ1976 የመጣው የዴቪድ ብላክመር ዲቢኤክስ 160 ደግሞ ሬሾውን ከአንድ ለአንድ ጀምሮ እስከ ወሰን የለሽ ድረስ ያለ ደረጃ የሚያዞር ቁልፍ ሰጠው። ለሥርወ ቃል ተመራማሪ ይህ ቅደም ተከተል ትልቅ ነገር ይነግረዋል። በመጀመሪያ ሁለት ግሶች ነበሩ፤ ቀጥሎ በመካከላቸው ቁጥሮች ገቡ፤ በመጨረሻ ሁለቱ ግሶች የአንድ መሥመር ሁለት ጫፎች ሆነው ተገኙ። ዛሬ በልማድ ከዐሥር ለአንድ በላይ ያለው «ሊሚተር» ይባላል፤ ከዚያ በታች ያለው «ኮምፕረሰር»። መሣሪያው ያው ነው፤ ስሙን የሚለውጠው የሬሾው መጠን ብቻ ነው።

በአገራችን በዚሁ ዘመን የሸክላ ሥራ ተጧጡፏል። አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 (በ1961 ዓ.ም.) አምሃ ሪከርድስን ሲመሠርት፣ ሸክላ የማሳተሙ ብቸኛ መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር የተሰጠ መሆኑን እያወቀ ነበር። የመጀመሪያዎቹ ሸክላዎች በሕንድ፣ በኋላም በሊባኖስ ታትመዋል፤ እ.ኤ.አ. በ1975 አገር ለቆ እስኪወጣ ድረስ ከመቶ በላይ ሸክላዎች አወጣ። በዚያን ጊዜ አቀራረጹ እንደ ዛሬው እያንዳንዱ መሣሪያ ለብቻው የሚያዝበት አልነበረም፤ ድምፃዊውና ባንዱ አብረው እየተጫወቱ ይቀረጹ ነበር። እንዲህ ባለው ቀረጻ ላይ የሬሾ ጠባይ ፍንትው ብሎ ይታያል። ሁሉም በአንድ መሥመር ስለሚያልፍ፣ ጥሩምባው ወሰኑን ሲዘልል የሚቀነሰው ጥሩምባው ብቻ ሳይሆን ከጎኑ የሚዘፍነውም ሰው ነው። ሬሾው ሁለት ለአንድ ከሆነ አድማጩ አያስተውለውም፤ ስምንት ለአንድ ሲደርስ ግን ጥሩምባው በተነሣ ቁጥር ድምፃዊው ከመጋረጃ ጀርባ ገብቶ እንደሚወጣ ሆኖ ይሰማል። ከጉራጌ ቤተሰብ አዲስ አበባ የተወለደው ማሕሙድ አሕመድ እ.ኤ.አ. በ1975 በካይፋ ሪከርድስ ያወጣውን «እሬ መላ መላ» የሚያዳምጥ ሰው፣ ድምፃዊው በአንድ ሐረግ ውስጥ ከለሆሳስ ወደ ጩኸት ሲሻገር ርቀቱ እንደ ተጠበቀ ያስተውላል። የዚያ ዘመን ሥራዎች እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በፍራንሲስ ፋልሴቶ አማካይነት «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ እንደ ገና ሲታተሙ የዓለምን ጆሮ ከሳቡባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ይመስለኛል።

የካሴት ዘመን ነገሩን ለወጠው። የካሴት ፈትል የራሱ ፉጨት ስላለው ዝቅተኛውን ድምፅ ይውጠዋል፤ ከካሴት ወደ ካሴት ሲገለበጥ ፉጨቱ ይደራረባል። ስለዚህ ዝቅተኛውን ከፍ ማድረግ፣ ማለትም ከፍተኛውን አሳንሶ ሁሉንም በአንድነት ማንሣት፣ ለሻጩም ለአድማጩም የሚመች ሆነ። ነገር ግን ሬሾው ሲበዛ በቃላት መካከል ባለው ዝምታ ፉጨቱ ራሱ ተነሥቶ ይሰማል፤ ዘፈኑ እንደ ሰው ይተነፍሳል። በካሴት ሽፋን ላይ «ቅንብር»፣ «ሚክሲንግ» የሚሉ ቃላት እየታተሙ የሕዝብ ንብረት ሲሆኑ፣ ይህን ሥራ የሚሠራው መሣሪያ ግን በሽፋን ላይ ስም ስላልነበረው የአማርኛ ስያሜ ሳያገኝ ቀረ።

ስያሜው ዛሬ ያለበትን ሁኔታ ለማየት ከአዲስ አበባ ወደ ቡታጅራ በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችውን የሶዶ ወረዳ ከተማ ቡኢን መውሰድ ይበቃል። አካባቢው ከአማርኛ ጋር ክስታንኛ የሚነገርበት ነው፤ ጌዴዎን ጎልደንበርግ እ.ኤ.አ. በ1968 ስለ ክስታንኛ ሰዋስው ካሳተመው ጥናትና ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1979 ካወጣው የጉራጌኛ የሥርወ ቃል መዝገብ ወዲህ ለሥነ ልሳን ሰዎች እንግዳ አይደለም። በእንዲህ ያለች የመንገድ ዳር ከተማ «ኮምፕረሰር» ቢባል መጀመሪያ የሚታሰበው ጎማ የሚነፋበት የጎሚስታው ማሽን ነው። ቀጥሎ ያለው በፍሪጁ ጀርባ የሚያጉረመርመው ነው። ሦስተኛው በመስቀል ሰሞን ወይም በሠርግ ቀን ሞንታርቦ ተከራይቶ የሚመጣው የድምፅ ባለሞያ የሚናገርለት ነው። («ሞንታርቦ» ራሱ የአንድ የኢጣሊያ ድምፅ ማጉያ መለያ ስም ሲሆን፣ በአማርኛ ለትልቅ ድምፅ ማጉያ ሁሉ መጠሪያ ሆኗል።) በዚህ ላይ የኮምፒዩተር ፋይል የሚታመቅበትን አራተኛውን ስንጨምር፣ እንግሊዝኛ በአንድ ስም ያጨቃቸውን አራት ነገሮች አማርኛ ሳይመርጥ ወርሷቸዋል ማለት ነው።

በአማርኛ ሁለት ግሶች ለዚህ ቦታ ይሽቀዳደማሉ፤ «ጨመቀ» እና «አመቀ»። ልዩነታቸውን ለመረዳት እንሰት የሚያውቅ አገር ይጠቅማል። የተፋቀው እንሰት ሲጨመቅ ፈሳሹ ይወጣል፤ ፈሳሹ ሲረጋ ቡላ ይሆናል፤ በመጭመቅ አንድ ነገር ሁለት ይሆናል። ቆጮው በጉድጓድ ተደርጎ፣ በቅጠል ተሸፍኖ፣ ድንጋይ ሲጫነው ግን ይታመቃል፤ ቦታው ይጠብባል እንጂ እንደ ጭማቂ ተለይቶ የሚቀዳ ነገር የለም። ከድምፅ ተለይቶ የሚወጣ ጭማቂ ስለሌለ «ድምፅ መጭመቂያ» የሚለው ተገቢ አይደለም። «ማመቅ» ይሻላል፤ ነገር ግን «የታመቀ አየር»፣ «የታመቀ ፋይል»፣ በፊዚክስም «እምቅ ኃይል» ስለያዙት ተጨማሪ ሸክም አይችልም። ከዚህም በላይ ማመቅ ሁሉን እኩል መጫን ነው፤ ይህ መሣሪያ ግን ዝም ያለውን ትቶ ያመፀውን ብቻ ይይዛል። ስለዚህ የእኔ ምርጫ «መግራት» ነው። ያልተገራ ፈረስ፣ ያልተገራ አንደበት እንደምንል፣ ያልተገራ ድምፅ ማለት ለጆሮ አይጎረብጥም፤ መሣሪያውም «ድምፅ መግሪያ» ይሆናል። ወሰኑን ደግሞ «ደፍ» ብንለው፣ የበር ደፍ ከእግር በታች ሲሆን እንደማይከለክል፣ የሚሻገረው ብቻ እንደሚታወቅበት፣ የመሣሪያውን ጠባይ በትክክል ያስረዳል።

የሬሾው ጉዳይ ይበልጥ ይከብዳል። የትምህርት ቤቱ ሒሳብ «ጥምርታ» የሚል ቃል አለው፤ «ወደር» የሚለውም ለተመጣጣኝነት ተመድቧል። «የመግሪያ ጥምርታ» ቢባል ስሕተት የለበትም፤ ለማኑዋል ርእስ ይበቃል። ነገር ግን ጥምርታ ሁለት ቁጥሮችን አጎራብቶ ያስቀምጣል እንጂ የትኛው እንደሚያልፍ፣ የትኛው እንደሚቀር አይናገርም። አማርኛ ግን ትርፍን የመከፋፈል የቆየ የቃላት ቤተሰብ አለው። እኩል፣ ሲሶ፣ እርቦ፣ አሥራት፤ እነዚህ ከምርት ላይ ድርሻ የሚታሰብባቸው ቃላት ናቸው። የእኩል አራሽ፣ የሲሶ አራሽ፣ የእርቦ አራሽ የሚባለው ሥርዓት የገጠር መሬት በየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሲሆን ቀርቷል፤ ቃላቱ ግን ከሥርዓቱ ጋር አልተቀበሩም፤ ሲሶ ዛሬም ከሦስት አንድ፣ እርቦም ከአራት አንድ ነው። ሁለት ለአንድ እኩሌታ፣ ሦስት ለአንድ ሲሶ፣ አራት ለአንድ እርቦ፣ ዐሥር ለአንድ አሥራት ቢባል፣ የሬሾው ቁልፍ ቁጥሮች ሁሉ በአንድ ቃል ይነገራሉ።

በዚህ ላይ አንድ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል፤ ቀላል አድርጌ አላየውም። በመሬት ሥርዓቱ ሲሶ ወይም እርቦ የሚባለው ባለመሬቱ የሚወስደው ድርሻ ነው፤ ሦስት እጁ ለአራሹ ይቀራል። በድምፅ መግሪያ ግን አራት ለአንድ ሲባል የሚወሰደው ሦስት እጅ ነው፤ የሚያልፈው እርቦው ነው። አንድ ሰው «እርቦ ቀንስለት» ቢባል፣ የገበሬውን ትርጉም ይዞ ከ12 ዴሲቤል 3 ብቻ ይቀንሳል፤ 9 ያሳልፋል፤ ይህ ከተፈለገው ተቃራኒ ነው። መፍትሔው ያለው በስሙ ሳይሆን በግሱ ላይ ነው። ቃሉ ዘወትር «ማሳለፍ» ከሚለው ግስ ጋር ቢቆራኝ፣ «እርቦ ያሳልፋል»፣ «በሲሶ ማሳለፍ» ቢባል፣ ከደፉ ምስል ጋር ይስማማል፤ ለስሕተትም በር አይከፍትም። መቀነስ የሚለውን ግስ ከዚህ አገባብ ፈጽሞ ማስወጣት ያስፈልጋል። ድርሻው የሚታሰበው በዴሲቤል መሆኑም በመጀመሪያው ገጽ ላይ መጻፍ አለበት፤ ይህን የትኛውም ቃል ብቻውን አይሸከመውም።

ከአሥራት በላይ ያለውን በተመለከተ «ገታ» የሚለው ግስ ይበቃል። ድምፅ መግሪያው ከአሥራት በታች ማሳለፍ ሲጀምር «ድምፅ መግቻ» ይባላል፤ ወሰን የለሹ ሬሾ ደግሞ ምንም ሳያሳልፍ «ፍጹም መግታት» ነው።

እነዚህ ቃላት በሥራ ላይ ሲውሉ ምን እንደሚመስሉ የጉራጌ ዘፈን ጥሩ ፈተና ይሆናል። ምቱ ፈጣን ነው፤ ጭብጨባው አጭርና ስለታም ነው፤ በሞንታርቦ ሲወጣ ከድምፃዊው በላይ ይዘልላል። ጭብጨባው ደፉን በ12 ዴሲቤል ቢያልፍና መሣሪያው ሁሉን በአንድነት ይዞ እርቦ ቢያሳልፍ፣ ድምፃዊውም ጭብጨባውም በ9 ዴሲቤል ይወርዳሉ፤ ዘፈኑ በየምቱ ይሰምጣል። እኩሌታ ቢያሳልፍ በ6 ይወርዳሉ። የሃያ ለአንድ መግቻ ቢሆን በ11.4። መግሪያው ለመነሣት የሚወስደው ጊዜ ጥቂት ሺሕኛ ሴኮንድ ቢዘገይ፣ የጭብጨባው ስለት መሣሪያው ሳይነቃ ያልፋል፤ የሚቀጣው ግን ተከትሎ የሚመጣው ድምፃዊ ይሆናል። ስለዚህ ጠንቃቃ ባለሞያ ጭብጨባውን ለብቻው ይገታል፤ ድምፃዊውን ለብቻው በሲሶ ወይም በእኩሌታ ያሳልፋል፤ ጠቅላላውን ዘፈን ግን በቀላሉ ብቻ ይገራል።

ይህ «በቀላሉ» የተባለው አንድ ተኩል ለአንድ ሲሆን፣ ለእርሱም ቃል አለ፤ ከሦስት «ሁለት እጅ» ማሳለፍ። 12 ዴሲቤል ያለፈው 8 ሆኖ ይወጣል። «እጅ» ግን በአማርኛ አንዴ ድርሻን፣ አንዴ ብዜትን ስለሚያመለክት፣ «ሁለት እጅ ማሳለፍ» ብቻውን ሲጻፍ እጥፍ ማሳለፍ መስሎ እንዳይነበብ «ከሦስት» የሚለው መቅደም አለበት። እንግሊዝኞች የመሥመሩን መታጠፊያ በጉልበት ስም ጠርተው፣ ቀስ ብሎ የሚታጠፈውን «ለስላሳ ጉልበት» ማለታቸው ደግሞ ለአማርኛ ተርጓሚ ወጥመድ ነው፤ በእኛ ዘንድ ጉልበት ኃይልም ስለሆነ፣ «ለስላሳ ጉልበት» የተባለው አቅም ያጣ መሣሪያ መስሎ ይነበባል። ከዚህ ቦታ ላይ «ቀስ ያለ መታጠፊያ» ማለት ይበቃል።